ክሮስ ስቲች፦ ከአዲስ ኪት እስከ ግድግዳ ፍሬም

ወራት የተለፋበት የክሮስ ስቲች ጥልፍ (እያንዳንዱ ስፌት ሁለት ሰያፍ መስመር ተሻግሮ በX ቅርጽ የሚሠራበት) ፍሬም ውስጥ ገብቶ ተንጋዶ ሲታይ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ፍሬም በገባበት ቀን የተሠራ አይደለም። ሲጀመር በቂ ትርፍ ጨርቅ አልተተወለትም፤ ከጀርባው ክር ተቋጥሮበታል፤ ወይም በሥራ ጊዜ ጨርቁን የሚወጥረው ክብ መወጠሪያ ሳይወልቅለት ሳምንታት ከርሟል። ስለዚህ ኪቱን ስትከፍቱ ፍሬሙን እያሰባችሁ ክፈቱት።

ኪቱ ሲከፈት

በተለመደው ኪት ውስጥ አይዳ የሚባለው ባለቀዳዳ ጨርቅ፣ በየቀለሙ የተለየ ክር፣ ጫፉ ዱልዱም የሆነ መርፌ፣ ቻርት (ንድፉ በካሬዎች ላይ በምልክት የተሳለበት ወረቀት)፣ እንዲሁም የትኛው ምልክት የትኛው ቀለም እንደሆነ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ይገኛል። መርፌው ዱልዱም የሆነው በምክንያት ነው፦ ቀዳዳው ቀድሞውኑ ስላለ ሹል መርፌ የጨርቁን ክር እየሰነጠቀ ያልፋል፤ ስፌቱም ከመስመር ይወጣል።

ክሮቹን በቀን ብርሃን ከሰንጠረዡ ጋር አስተያዩ። ክሬምና ነጭ፣ ጥቁርና ድፍን ሰማያዊ ማታ በአምፖል ሲታዩ ይምታታሉ። ከእያንዳንዱ ቀለም 10 ሳንቲሜትር ያህል ቆርጣችሁ ወፍራም ወረቀት ላይ ከምልክቱ ጎን ለጥፉ። ብዙ ኪቶች የራሳቸውን ቁጥር ስለሚጠቀሙ፣ ክር ቢያልቅባችሁ ተመሳሳዩን ለመፈለግ የሚረዳችሁ ይህ ናሙና ነው። ሰንጠረዡ የታወቀ የክር ቁጥር ካለው ሥራው ይቀላል፤ ለምሳሌ ጥቁር ዲኤምሲ በሚባለው የክር ብራንድ 310፣ አንከር በሚባለው 403 ነው። ቁጥሩ አንድ ቢሆንም በተለያየ ጊዜ የተነከረ ክር መጠነኛ ልዩነት ሊኖረው ይችላል። አዲሱን ክር ሰፊና አንድ ወጥ ቀለም ባለው ቦታ መሃል አትጀምሩት፤ ራሱን የቻለ ቅጠል ወይም አበባ ላይ አውሉት።

ቀጥሎ ጨርቁን ለኩ። 14 ቁጥር አይዳ ማለት በአንድ ኢንች፣ ማለትም በ2.54 ሳንቲሜትር ውስጥ 14 ካሬ አለው ማለት ነው። የንድፉን የስፌት ብዛት ለጨርቁ ቁጥር አካፍሉት፤ ውጤቱን በ2.54 አባዙት። 140 በ98 ስፌት የሆነ ንድፍ በ14 ቁጥር 25.4 በ17.8 ሳንቲሜትር ይወጣል፤ በ18 ቁጥር ግን ወደ 19.8 በ13.8 ይወርዳል። በዚህ ላይ ለፍሬም በአራቱም ጎን 7.5 ሳንቲሜትር ትርፍ ጨምሩ። ለ14 ቁጥሩ ምሳሌ ወደ 40 በ33 ሳንቲሜትር ጨርቅ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ኪቱ የያዘው ጨርቅ ከዚህ ካነሰ አትደናገጡ። ከስፌቱ በፊት በአራቱም ጠርዝ ላይ 8 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው የጥጥ ጨርቅ በስፌት መኪና ቀጥሉበት። ቅጥያው ጥልፉ ለፍሬም ከሚወጠርበት ሰሌዳ ጀርባ ስለሚታጠፍ አይታይም። ጥልፉ ካለቀ በኋላም መቀጠል ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን የተጨረሰውን ሥራ ከመኪናው እግር ስር እየጠበቁ መስፋት ነው።

ንድፉ በቀለም የታተመበት ኪት ከሆነ መመሪያው ላይ ቀለሙ በውሃ የሚለቅ መሆኑን አንብቡ። እንዲህ ያለው ጨርቅ ሳይታጠብ ካውያ አይነካውም፤ ሙቀቱ ቀለሙን ጨርቁ ላይ ሊያስቀረው ይችላል።

ስፌቱ

የጨርቁን ጠርዝ ዘምዝሙት፤ አይዳ በቀላሉ ይተረተራል። ጨርቁን ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት አጥፋችሁ መሃሉን አግኙና ከዚያ ጀምሩ። ከጠርዝ የጀመረ ሰው አንድ ቦታ ላይ ቆጠራ ከተሳሳተ ንድፉ በአንድ ወገን ጨርቅ ያልቅበታል። ንድፉ ትልቅ ከሆነ በየ10 ካሬው ቀጭን የልብስ ስፌት ክር በቁምና በአግድም አሳልፉ፤ በኋላ ይመዘዛል። ለዚህ ጥቁር ወይም ቀይ ክር አትጠቀሙ፣ ሲመዘዝ ብናኝ ይተዋል። ይህን መስመር ማስመር ሰዓታት ይበላል፤ የተሳሳተ ቆጠራ መፍታት ግን ቀናት ይበላል።

የጥልፍ ክር ከ6 ቀጫጭን ዘለላዎች የተሠራ ነው። ለ11 ቁጥር ጨርቅ 3 ዘለላ፣ ለ14 እና ለ16 ቁጥር 2፣ ለ18 ቁጥር 1 ወይም 2፤ የንድፉን ዙሪያ ለሚያወጣው የኋልዮሽ ስፌት በአብዛኛው 1 ይበቃል። መርፌው ለ14 ቁጥር ጨርቅ 24 ቁጥር፣ ለ16 እና ለ18 ቁጥር ጨርቅ 26 ቁጥር ይሁን። ክሩን ከ45 ሳንቲሜትር አታስረዝሙት፤ ረጅም ክር ብዙ ጊዜ በቀዳዳ ሲመላለስ ይሻክራል፣ ይሳሳል። ዘለላዎቹን አንድ በአንድ ወደ ላይ ምዘዙና እንደገና ጎን ለጎን አድርጓቸው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ከመዘዛችሁ ቀሪው ይተበተባል።

አጀማመሩ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ቋጠሮን የሚያስቀረው ይህ ነውና። በ2 ዘለላ የምትሠሩ ከሆነ 90 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው አንድ ዘለላ ወስዳችሁ እኩል እጠፉት። ሁለቱን ጫፎች በመርፌው ዓይን አስገቡ፤ እጥፋቱ በሌላው በኩል እንደ ማሰሪያ ቀለበት ይቀራል። መርፌውን ከጀርባ ወደ ፊት አውጡ፤ ቀለበቱን ግን ከጀርባ 2 ሳንቲሜትር ያህል አስቀሩት። የመጀመሪያውን ሰያፍ ስፌት ወደ ጀርባ ስትመልሱ መርፌውን በቀለበቱ ውስጥ አሳልፋችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ክሩ ራሱን ይይዛል፤ ጀርባው ላይ የሚጎረብጥ ነገር አይኖርም። ስትጨርሱ ደግሞ በ4 ወይም በ5 ስፌቶች ስር አሹልካችሁ ቁረጡ።

የላይኛው ሰያፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስፌት ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛ። አቅጣጫው ከተቀላቀለ ብርሃን በተለያየ መንገድ ስለሚያርፍበት አንድ ቀለም ሁለት ይመስላል፤ ከመስታወት ጀርባ ሲገባ ይብስበታል። ክሩ እየሠራችሁ ይከርራል፤ በየጊዜው መርፌውን ከጨርቁ ስር አንጠልጥላችሁ ልቀቁት፣ ራሱ ተሽከርክሮ ይፈታል። ጥቁር ክር ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ በጀርባ ስታሻግሩ ከ1 ሳንቲሜትር አትለፉ። መሃሉ ባዶ ጨርቅ ከሆነ ጭራሹን ቆርጣችሁ እንደገና ጀምሩ፤ በነጭ ጨርቅ በኩል እንደ ጥላ ይታያል። ክብ መወጠሪያውን ሥራ ባቆማችሁ ቁጥር አውልቁት።

እጥበትና ካውያ

ጨርቁ ንጹሕ ቢመስልም እጠቡት፤ የእጅ ወዝ ዛሬ አይታይም፣ ከዓመታት በኋላ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና 15 ደቂቃ ዘፍዝፉት፤ አትሹት፣ አትጭመቁት፣ በረኪና አታስነኩት። ቀይ ወይም ድፍን ሰማያዊ ቀለም ከለቀቀ ዋናው ነገር ጨርቁ እንዳይደርቅ ነው፦ ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወርድ ድረስ በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁት። ከዚያ በነጭ ፎጣ ጠቅልላችሁ ውሃውን ምጠጡ። ሌላ ወፍራም ፎጣ ዘርጉና ጥልፉን በፊቱ ደፍታችሁ እርጥበቱ ሳይጠፋ ከጀርባው ተኩሱት፤ ስፌቱ ፎጣው ውስጥ ስለሚሰምጥ አይጨፈለቅም።

ፍሬም

የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ፍሬም፣ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አሲድ የሌለው ነጭ ፎም ቦርድ (ጥልፉ የሚወጠርበት ቀላል ሰሌዳ)፣ የማይዝጉ እስፒሎች፣ ጠንካራ ክር፣ ለጀርባ የሚሆን ወረቀት። ሰሌዳው ነጭ ይሁን፤ ሌላ ቀለም በጨርቁ ቀዳዳዎች ይታያል። ሙጫና ባለሁለት ፊት ፕላስተር አንመክርም፤ ከጊዜ በኋላ ይለቃል፣ ጨርቁንም ያበላሻል፣ ጥልፉን ለማጠብ ማውጣትም አይቻልም።

ለምሳሌው ጥልፍ 30 በ24 ሳንቲሜትር ፍሬም ይበቃል። ሰሌዳውን ከፍሬሙ ውስጥ ልክ 3 ሚሊሜትር አሳንሳችሁ 29.7 በ23.7 ቁረጡት፤ ያ ክፍተት በጠርዙ ዞሮ ለሚታጠፈው ጨርቅ ነው። ከፍሬሙ ጋር እኩል የተቆረጠ ሰሌዳ ጨርቅ ሲለብስ አይገባም፤ በግድ ሲገፋም ጠርዙ ይሰበራል።

ከመወጠሩ በፊት ከንድፉ ውጭ በአራቱም ጎን፣ የሰሌዳው ጠርዝ በሚያርፍበት ቦታ፣ አንድ የቀዳዳ ረድፍ ሳትስቱ ባለቀለም የስፌት ክር ልል አድርጋችሁ አሳልፉ። ጨርቁ ሰሌዳው ላይ ሲቀመጥ ይህ ክር ከጠርዙ ጋር ገጥሞ መሄድ አለበት። በዓይን ግምት ቀጥ ያለ የመሰለ ጥልፍ ፍሬም ሲገባ ሁለት ካሬ ያህል ዘምሞ ይገኛል፤ ክሩ ግን አይዋሽም።

የሰሌዳውን እያንዳንዱን ጎን መሃል በእርሳስ አመልክቱና እስፒል ከመሃል ጀምራችሁ በሰሌዳው ውፍረት ውስጥ ስኩ፦ አንዱን ላይ፣ ሁለተኛውን በትይዩ ታች፣ ከዚያ ግራና ቀኝ። ቀጥሎ ከመሃል ወደ ማዕዘን በየ1.5 ሳንቲሜትሩ ቀጥሉ። ከማዕዘን የጀመረ ውጥረት መሃሉ ላይ ማዕበል ይፈጥራል። መስመሩ እስኪስተካከል እስፒል ነቅሎ መመለስ የሥራው ደንብ ነው።

አሁን ሰሌዳውን ገልብጡት። ጠንካራውን ክር ከጥቅሉ ሳትቆርጡ ከረጅሙ ጎን መሃል ጀምራችሁ የላይኛውንና የታችኛውን ትርፍ ጨርቅ በዚግዛግ አያይዙ፤ ልክ እንደ ጫማ ማሰሪያ፣ በ1 ሳንቲሜትር ልዩነት። አንድ ወገን ሲያልቅ ከመሃል ጀምራችሁ ክሩን ደረጃ በደረጃ አጥብቁና እሰሩ፤ ከዚያ ሌላውን ግማሽ። ማዕዘኑን እንደ ፖስታ አጥፋችሁ አጫጭሮቹን ጎኖች በዚያው መንገድ አያይዙ። ሰሌዳው መጉበጥ ከጀመረ አጥብቃችኋል፤ ላሉት። በመጨረሻ እስፒሎቹንና ባለቀለሙን ክር ንቀሉ።

መስታወት ከጥልፉ ጋር መነካካት የለበትም። በመካከላቸው አየር ከሌለ መስታወቱ ላይ የሚጠራቀመው ጤዛ ጨርቁን ያረጥባል፣ ሻጋታም ይከተላል፤ ስፌቱም ይደፈጠጣል። በፍሬሙ ከንፈር ስር በሚደበቀው ጠርዝ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው የፎም ቦርድ ዘንጎች አስገቡ፣ ወይም ከንድፉ በየጎኑ 1.5 ሳንቲሜትር የሚሰፋ መስኮት የተቆረጠለት ወፍራም ካርቶን አኑሩ። ብዙዎችን የሚያሰናክለው እዚህ ጋ የፍሬሙ ጥልቀት ነው፦ መስታወት 2፣ ዘንግ 5፣ ሰሌዳ 5፣ የታጠፈ ጨርቅ 2፣ የጀርባ ክዳን 3፣ በድምሩ 17 ሚሊሜትር። ተራ የፎቶ ፍሬም ይህን አይችልም። ጥልቅ ፍሬም ካላገኛችሁ ሰሌዳውን በ3 ሚሊሜትር ቀይሩ፣ ወይም መስታወቱን ተዉት፤ አቧራ በሌለበት ክፍል ጥልፍ ያለ መስታወት ያምራል።

መስታወቱን ከመዝጋታችሁ በፊት ጥልፉን በጎን ብርሃን አዩት፤ አንዲት ፀጉር ወይም ብናኝ ከገባች በኋላ ያለ መፍታት አትወጣም። ክዳኑን አስገቡ፤ ጀርባውን ከአቧራ በወረቀት ሸፍኑ። ማንጠልጠያ ቀለበቶቹን ከላይ አንድ ሦስተኛው ላይ በግራና በቀኝ እሰሩ፤ በታች ሁለቱ ማዕዘኖች ላይ ትንንሽ የላስቲክ ወይም የስፖንጅ ቁራጮች ለጥፉ፣ ከግድግዳው ጋር አየር እንዲያልፍ። ፀሐይ ቀጥታ ከሚያርፍበትና ከእርጥብ ግድግዳ አርቁት፤ ሐምራዊና ሮዝ ክሮች ላይ መንጣቱ ቀድሞ ይታያል።