በድርጅት ስም ያለን ሕንፃ ወደ ሌላ ስም ማዞር፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሻጭና ገዢ

ኮምቦልቻ ያለ መጋዘን ወይም ደሴ ያለ ባለ ፎቅ ቤት በኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ስም ሲሆን፣ ሽያጩ የሚበላሸው ውሉ ላይ እምብዛም ነው። የሚበላሸው ከውሉ በፊት ነው፦ የካርታው ስም ከንግድ ምዝገባው ስም ጋር አይገጥምም፣ ፈራሚው የመሸጥ ሥልጣን የለውም፣ በመሬት ጽሕፈት ቤቱ ማህደር ውስጥ ማንም ያላየው እገዳ ተኝቷል። ስለዚህ ገዢ ቀብድ ከመክፈሉ፣ ሻጭም ደላላ ከመጥራቱ በፊት ወረቀቱ ይጥራ።

አሜሪካ ያሉ ባለድርሻዎች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ፦ «እዚያ እንደሚደረገው ኩዊትክሌም ፈርመን ብንልክ አይበቃም?» ኩዊትክሌም ሰጪው በንብረቱ ላይ ያለውን መብት፣ ካለው ማለት ነው፣ ያለ ምንም ዋስትና የሚለቅበት ሰነድ ነው። ሰጪው በኖታሪ ፊት ይፈርማል፣ ሰነዱም በካውንቲው መዝገብ ይገባል። እኛ ጋ እንዲህ ያለ አጭር መንገድ የለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ ተደርጎ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት መሆን አለበት። ባለቤትነቱ ራሱ የሚተላለፈው ደግሞ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ሲገባ ነው፤ አንቀጽ 1185 ይህንኑ ይላል። ከውጭ የሚላከው የመልቀቂያ ወረቀት ሳይሆን ውክልና ነው። እሱም ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ተረጋግጦ፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አልፎ፣ ውልና ማስረጃ ተመዝግቦ ነው የሚሠራው።

ካርታውን ማንበብ

መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም። የምትሸጡት በላዩ የተሠራውንና የሊዝ መብቱን ነው። ለዚህ ነው ካርታው ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ቦታ) ይሁን ሊዝ (ከከተማው በውል ለተወሰነ ዘመን በክፍያ የተያዘ) አስቀድሞ መታወቅ ያለበት።

ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት፣ ደሴ ፒያሳና አራዳ አካባቢ እንዳሉት አሮጌ የንግድ ቤቶች፣ ከውርስ በቀር በማናቸውም መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ቦታው ወደ ሊዝ ሥርዓት ይገባል። ይህን የደነገገው በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነው። ገዢው ለድርጅቱ ከሚከፍለው ዋጋ ሌላ ከከተማው ጋር የሊዝ ውል ይገባል ማለት ነው፤ ይህን ያላሰበ ገዢ ዋጋ ከተስማማ በኋላ ሲሰማው ይበረግጋል።

ሊዝ ከሆነና ቦታው ባዶ ከሆነ ወይም ግንባታው ገና ከግማሽ በታች ከሆነ፣ ሻጭ እንደፈለገ ተደራድሮ ሊሸጥ አይችልም። ዝውውሩ በከተማ አስተዳደሩ ክትትል ይፈጸማል፤ ለባለይዞታው የሚቀረው የከፈለው ሊዝ ከነወለዱ፣ የሠራው ግንባታ ዋጋና ከሊዝ ማስተላለፊያው ዋጋ 5 በመቶ ብቻ ነው። የተረፈው የከተማው ነው። አጥር አጥሮ የጥበቃ ቤት ብቻ የሠራ ድርጅት «ሼድ» ብሎ ሊሸጥ ሲነሳ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ሌላው የሚያሳስተው የድሮው የደሴ ግቢ ነው። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ አንዱ ግቢ ውስጥ የግልና የመንግሥት ቤት ተቀላቅለው ቀሩ። ድርጅቱ ለዘመናት የነገደበት የፊት ሱቅ የቀበሌ ቤት ሆኖ፣ ካርታ ያለው ከኋላ ያለው ክፍል ብቻ ሊሆን ይችላል። የቀበሌ ኪራይ ደረሰኝ ካለ፣ ያ ክፍል ከሽያጩ ውጭ ነው። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሼድ ተከራይቶ የሚሠራ ኩባንያም እንዲሁ የሚያዞረው ካርታ የለውም፤ ማሽንና ዕቃ ሊሸጥ ይችላል፣ ሼዱ ግን የኪራይ ውል ጉዳይ ነው።

ከዚያ ቦታው ይለካ። በካርታው ላይ ያለውን ስፋት ከአጥሩ ጋር አወዳድሩ፤ ካርታው 2,000 ካሬ ሜትር ብሎ አጥሩ 2,150 ከያዘ፣ 150ው ካሬ የማንም አይደለም ተብሎ አይታለፍም። ስም ሲዞር ከከተማው የሚወጣው ባለሙያ መሬት ላይ ሲለካ ልዩነቱ ይታያል፣ ዝውውሩም በዚያ ይቆማል። ደሴ ተዳፋት ላይ ላሉ ቦታዎች የድጋፍ ግንቡ ከወሰኑ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ? ቦርከና ዳር ላለ ቦታስ አዲሱ ፕላን የወንዝ ዳር ብሎ የቆረጠው አለ? በፕላኑ ላይ የሌለ ተጨማሪ ሼድ ወይም ሰገነት ካለም ፈቃዱን ጠይቁ፤ የሌለው ነገር ዋጋ ውስጥ አይገባም።

ማን ነው የሚፈርመው

ሕንፃው የድርጅቱ ነው እንጂ የባለድርሻዎቹ አይደለም። 60 በመቶ ድርሻ ያለው ሰው 60 በመቶውን ሕንፃ አልያዘም፤ ብቻውን ሊሸጠውም አይችልም። ሥራ አስኪያጁም ቢሆን መተዳደሪያ ደንቡ ቋሚ ንብረት የመሸጥ ሥልጣን ካልሰጠው፣ የባለድርሻዎች ውሳኔ ያስፈልገዋል። ደንቡ ግልጽ ቢሆንም እንኳ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ውልና ማስረጃ ላይ የሚያከራክረው ይህ ነውና።

ቃለ ጉባኤው ቢያንስ ይህን ሊል ይገባል፦ የትኛው ንብረት (የካርታ ቁጥር፣ ስፋት፣ ቀበሌ)፣ ለማን፣ በስንት ብር፣ ማን ይፈርማል፣ ገንዘቡ የት አካውንት ይገባል። «ሥራ አስኪያጁ አስፈላጊውን ሁሉ እንዲያደርግ» የሚል ጥቅል አረፍተ ነገር አይበቃም። ለወኪልም ያው ነው፦ ሕጉ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ይጠይቃል፤ «ለመሸጥ» የሚለው ቃል በግልጽ ይጻፍ። ቃለ ጉባኤው ራሱ ተረጋግጦ ይመዝገብ።

ገዢው ከባለድርሻዎቹ አንዱ ከሆነ፣ ወይም የሥራ አስኪያጁ ዘመድ ከሆነ፣ ጥንቃቄው እጥፍ ነው። የጥቅም ግጭቱ በቃለ ጉባኤው ይገለጽ፣ ዋጋውም በገለልተኛ ገማች የተደገፈ ይሁን። በነጻ ወይም በርካሽ የተሰጠ ሕንፃ በኋላ አበዳሪ ወይም ሌላው ባለድርሻ ክስ የሚያነሳበት ነገር ነው፤ ገቢዎችም የተጻፈውን ሳይሆን የገበያውን ዋጋ ሊይዝ ይችላል።

የስም ጉዳይ ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። ማኅበሩ ስሙን ቀይሮ ካርታው በአሮጌው ስም ከቀረ፣ ወይም «ትሬዲንግ» የሚለው ቃል አንዱ ላይ ኖሮ ሌላው ላይ ከጎደለ፣ ከንግድ ምዝገባ የስም ለውጥ ማረጋገጫ ሳይመጣ ወደፊት አይሄድም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በሁለቱም ከተሞች መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች ስለተዘረፉ፣ የመመስረቻ ጽሑፉና የካርታው ዋና ቅጂ እጃችሁ ላይ መኖሩን ዛሬውኑ ተመልከቱ። የጠፋ ካርታ ምትክ የሚወጣው ከሽያጩ በፊት ነው።

ዕዳና እገዳ

ከመሬት ጽሕፈት ቤቱ የዕዳና እገዳ ማጣሪያ ደብዳቤ ይጠየቅ፤ ቅጂ ሳይሆን ማህደሩ ታይቶ የተጻፈ። የሚፈለጉት ሁለት ናቸው፦ የባንክ መያዣና የፍርድ ቤት እግድ። ባንክ ከያዘው፣ ብድሩ ስለተከፈለ ብቻ እገዳው በራሱ አይነሳም፤ ባንኩ የመያዣ መፍቻ ደብዳቤ ጽፎ ማህደሩ ውስጥ መግባት አለበት። ብድሩ ገና ካልተከፈለ የሚሻለው መንገድ ገዢው ከዋጋው ላይ የብድሩን ያህል በሲፒኦ (በባንክ በተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) ለባንኩ ቀጥታ እንዲከፍል መስማማት ነው። ገንዘቡ መጀመሪያ በሻጭ እጅ ከገባ መያዣው ላይነሳ ይችላል።

የሊዝ ውዝፍ፣ የቦታ ኪራይ፣ የቤት ግብር ክሊራንስም በድርጅቱ ስም ይውጣ። ቀብድ መስጠት ከተፈለገ የሕጉን መንፈስ አስታውሱ፦ የሰጠው ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፍ ይመልሳል። እገዳ ሳያጣራ ቀብድ የተቀበለ ሻጭ ራሱን ነው የሚያስረው።

ውሉ

ሁለት ምስክር፣ የድርጅቶቹ ቲንና የምዝገባ ቁጥር፣ ዋጋው በአኃዝና በፊደል፣ የአከፋፈሉ ጊዜ፣ ርክክብ፣ የመብራትና የውኃ ቆጣሪ ቁጥሮች። ተከራይ ካለ ውሉ እስከ መቼ እንደሆነ፣ የከፈለው ቅድሚያ ኪራይ ለማን እንደሚሆንም ይጻፍ፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል፣ ከርክክብ በኋላ ደግሞ የመጀመሪያው ጠብ ይሆናል።

ሻጩ በሕግ ገዢው በሌላ ሰው መብት እንዳይነጠቅ ዋስ ነው። ተዋዋዮች ይህን ዋስትና ሊያጠብቡት ወይም ሊያስቀሩት ይችላሉ፤ ኩዊትክሌምን የሚመስለው እንዲህ ያለው አንቀጽ ነው። ሻጩ እያወቀ የደበቀውን የሌላ ሰው መብት ግን አይሸፍንለትም። ለገዢ ምክሩ አጭር ነው፦ እህት ኩባንያዎች እርስ በርስ ካላዞሩት በቀር እንዲህ ያለ አንቀጽ አትፈርሙ።

ግብሩ

ይህ ክፍል በቁጥር ይታይ። ሕንፃው በድርጅቱ መዝገብ 4,000,000 ብር ዋጋ ይዞ በ9,000,000 ብር ተሸጠ እንበል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ለማይንቀሳቀስ ንብረት የካፒታል ዋጋ ዕድገት ጥቅም 15 በመቶ ግብር አኑሯል፤ ከ5,000,000 ብር ትርፍ 750,000 ብር ይሆናል። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ ስሌቱን ከመፈረማችሁ በፊት ገቢዎች ላይ አሠሩት። የመዝገብ ዋጋውን አስተውሉ፤ በየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ የተወሰደበት ሕንፃ ዋጋው ዝቅ ስለሚል ትርፉ ባለድርሻዎች ከሚገምቱት በላይ ይወጣል። ግብሩ መከፈሉ ሳይረጋገጥ መዝጋቢው ስም አያዞርም።

የቴምብር ቀረጥ፣ በ1990 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 110 መሠረት፣ 2 በመቶ ነው፦ 180,000 ብር። ጽሕፈት ቤቱ የራሱን ግምት አውጥቶ ንብረቱ 11,000,000 ያወጣል ካለ፣ ቀረጡ 220,000 ይሆናል። ሻጩ ለተጨማሪ እሴት ታክስ (ቫት) የተመዘገበ ከሆነና ሕንፃው የንግድ ከሆነ ደግሞ 15 በመቶው አለ፣ ማለትም 1,350,000 ብር። «ዋጋው ቫትን ይጨምራል» ወይም «ቫት ለብቻ» የሚል አንድ መስመር ከውሉ ሲጎድል ጠቡ የሚነሳው ስለዚህ ገንዘብ ነው። የትኛውን ማን እንደሚከፍል ጻፉ።

ውሉ ላይ ዋጋ ዝቅ አድርጎ መጻፍ ልማድ ሆኗል። ገዢው የሚያጣው ግን ይበልጣል፦ ንብረቱን ቢነጠቅ የሚመለስለት የተጻፈው ነው፣ ነገ ሲሸጥም ትርፉ ከዝቅተኛው ዋጋ ተነስቶ ስለሚሰላ የሻጩን ግብር እሱ ይከፍላል።

ስም ማዞሩ

የተመዘገበው ውል፣ ቃለ ጉባኤው፣ የንግድ ምዝገባው፣ የታክስ ክሊራንሱ፣ የዕዳ ማጣሪያው፣ የባንኩ ደብዳቤና ዋናው ካርታ አንድ ላይ ይገባሉ። ማመልከቻው ሲገባ የመዝገብ ቁጥርና ቀን ያለበት ደረሰኝ ውሰዱ። ሽያጩ በመዝገብ እስኪገባ ድረስ በሦስተኛ ወገን ላይ ውጤት የለውም፤ በዚያ መሃል የድርጅቱ ገንዘብ ጠያቂ (አበዳሪ) መጥቶ ሕንፃውን ማሳገድ ይችላል። ለዚህም የመጨረሻው ክፍያ፣ ቢያንስ ጉልህ ክፍሉ፣ አዲሱ ካርታ በገዢው ስም እስኪወጣ ድረስ ይያዝ።

ይህን ሁሉ ሸሽቶ ሕንፃውን ሳይሆን ድርሻውን መግዛት ይቻላል፤ ካርታው አይነካም፣ ማኅበሩ ብቻ እጅ ይለውጣል። ነገር ግን የድርጅቱ የቆየ ግብር፣ የሠራተኛ ክስ፣ የብድር ዋስትና ሁሉ አብሮ ይመጣል። ቢያንስ የ5 ዓመት ሒሳቡ ሳይመረመር አይሞከር።

ካርታው ከወጣ በኋላ የሚቀሩት ጥቃቅን ናቸው፤ የመብራትና የውኃ ቆጣሪ ስም፣ የሊዝ ክፍያው መዝገብ፣ ኢንሹራንሱ። ሻጩ ሕንፃውን ከቋሚ ንብረት መዝገቡ ያውጣ፣ ገዢውም ፖሊሲውን ርክክብ ባደረገበት ቀን ይጀምር፤ በአሮጌው ባለቤት ስም ያለ ፖሊሲ ለአዲሱ ቃጠሎ አይከፍልም።