ጨቅላ እያለች ሆርሞን የተወጋች አይጥ ስታድግ እንዴት ትታያለች

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ላብ ምትሰሩ የማስተርስ ልጆች፣ ሴት አይጥ በተወለደች ሰሞን ዲኢኤስ (ሰው ሰራሽ ኤስትሮጅን) ወይ ራሱን ኤስትሮጅን ከተወጋች መድሃኒቱ ከወጣላት ከወራት በኋላም የብልቷ ግድግዳ ዑደቱን ሊተው ይችላል፣ ተመራማሪዎቹ ታካሱጊና በርን ይሄን እ.ኤ.አ. በ1962 አሳይተዋል።

ዲኢኤስ በዘይት ነው ሚበጠበጠው፣ ስለዚ ኮንትሮሎቹም (ማወዳደሪያዎቹ) ዘይቱን ብቻ ይወጉ፣ ዝም ብሎ ያልተነካ አይጥ ኮንትሮል አይሆንም። ቆዳቸው ስስ ስለሆነ ዘይቱ በቀዳዳው ይመለሳል፣ መርፌውን ከመንቀላችሁ በፊት ትንሽ ያዝ አድርጉት። ጓንት ግዴታ ነው፣ እርጉዝ የሆነች ልጅ ደሞ ባትነካው፤ ድሮ ለእርጉዞች ይታዘዝ ነበር እኮ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ነው ሴት ልጆቻቸው ላይ ብርቅ የሆነ የብልት ካንሰር የታየው።

መኖ ስትገዙ ቀመሩን ጠይቁ። የአኩሪ አተር ፋጉሎ ካለበት አኩሪ አተር ራሱ ኤስትሮጅን መሰል ነገር አለው፣ ቢያንስ ሁለቱም ግሩፕ ከአንድ ጆንያ ይብላ።

ካደጉ በኋላ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ስሚር (የብልት ሴል ናሙና) ውሰዱ፣ ትንሽ ሳላይን በፒፔት ብልቷ ውስጥ አስገብቶ መልሶ መሳብ፣ ስላይድ ላይ ማድረቅ፣ ሜቲሊን ብሉ፣ በቃ። ፒፔቱ ጠልቆ የማህፀን በር ከነካ ግን የውሸት እርግዝና ይመጣና ዑደቷ ለቀናት ይቆማል፣ ዳታችሁም ገደል ገባ። መብራት ከጠፋ (መጥፋቱ አይቀርም) መስታወት ያለው አሮጌ ማይክሮስኮፕ መስኮት ጋ ይሰራል።

ኒውክለስ የሌላቸው፣ እንደ ድርቆሽ የተቆራረሱ ጠፍጣፋ ሴሎች ጤነኛዋ ላይ በየ4 ወይ 5 ቀኑ ይመጡና ለነጭ የደም ሴሎች ቦታ ይለቃሉ። የተወጋችዋ ላይ ድርቆሹ ብቻ ሳምንታት ይቀጥላል። ኮንትሮሎቹ ዑደት ካቆሙ ሴቶቹ ያለ ወንድ አብረው ስለታጎሩ ሊሆን ይችላል፣ ከወንድ ኬጅ ያገለገለ ሰጋቱራ ጣል አድርጉላቸው።

ድርቆሹ መቀጠሉ ግን ቲሹው ለመቀየሩ ገና ማስረጃ አይደለም፣ ኦቫሪዋ ሳያቋርጥ ኤስትሮጅን እየለቀቀ ሊሆን ይችላላ! የኤቲክስ ፈቃድ ይዛችሁ በማደንዘዣ ኦቫሪውን አውጡና ከሁለት ሳምንት በኋላ ስሚሩን ድገሙ። አሁንም ድርቆሽ ካለ ቲሹው ራሱ ነው የተቀየረው፤ ዶዙ ካነሰ ወይ መርፌው ከዘገየ ግን አብሮ ይጠፋል።

ያወጣችሁትን ኦቫሪ እንዳትጥሉት፣ በአንድ ፎሊክል ሁለትና ከዛ በላይ እንቁላል የያዙትን ቁጠሩ። የማህፀን ካንሰር ፕሮፖዛል ላይ አትጻፉ፣ በቀን 2 ማይክሮግራም ለ5 ቀን የተወጉት ላይ 90 በመቶ የደረሰው በ18 ወራቸው ነው፣ አድቫይዘራችሁ ያን ያህል አይጠብቅም።