የኪሊፊሽ እንቁላል በቤት ውስጥ እንዴት ይፈለፈላል?

ኪሊፊሽ በመስታወት ገንዳ የሚረባ ትንሽ የጌጥ ዓሣ ነው። መጀመሪያ የእንቁላሉን ዓይነት ለዩ። እንደ ጋርድነሪ ያሉ ዝርያዎች እንቁላላቸውን በውኃ ተክል ላይ ይጥላሉ፤ ከ22 እስከ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ውኃ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ይፈለፈላል። ኖቶብራንኪየስ የሚባሉት ግን የሚኖሩት ክረምት ሞልቶ በጋ በሚደርቅ ኩሬ ነው። ዓሦቹ ያልቃሉ፣ እንቁላላቸው ጭቃ ውስጥ በጋውን ያልፋል። ጀማሪን የሚያስቸግረው ይሄኛው ስለሆነ ከዚህ በኋላ የምንጽፈው ስለ እሱ ነው።

እንቁላሉ የሚቀመጠው እርጥብ ፒት (ከበሰበሰ የረግረግ ተክል የሚገኝ አፈር መሰል ነገር) ውስጥ ነው። ፒቱን በእጅ ስትጨምቁት ውኃ ማንጠባጠብ የለበትም፤ ስትነኩት ግን ቀዝቀዝ ማለት አለበት። ከበዛበት ይሻግታል፣ ካነሰበት እንቁላሉ ይሰረጉዳል። በፕላስቲክ ከረጢት አሽጉት፤ የዝርያውን ስምና ቀኑን ጻፉበትና 24 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ጨለማ ቦታ አስቀምጡት። ከኖቶብራንኪየስ ዝርያዎች ጉንተሪ ወደ 3 ወር፣ ራኮቪ ወደ 6 ወር ይፈጃል። ቀኑ ግን ግምት ብቻ ነው። በአንድ ቀን የተጣሉ እንቁላሎች እንኳ እኩል አይደርሱም፤ አንዳንዱ ፅንስ እድገቱን አቁሞ ይተኛል። የመጀመሪያው ዝናብ አታሎ ቢቋረጥ ዘሩ በሙሉ እንዳይጠፋ ነው።

ስለዚህ ከቀን መቁጠሪያው ይልቅ የፅንሱን ዓይን እመኑ። ጥቂት ፒት ነጭ ሳህን ላይ በትኑና በአጉሊ መነጽር እዩ። አዲስ እንቁላል እንደ መስታወት ጥርት ያለ ነው። የደረሰው ውስጥ ፅንሱ ተጠቅልሎ ቦታውን ሞልቶታል፤ ሁለት ጥቁር ዓይኖች ይታያሉ፣ በእያንዳንዱ ብሌን ዙሪያም ወርቃማ ቀለበት አለ። ዓይኑ ጠቁሮ ቀለበቱ ከሌለ ፒቱን መልሳችሁ አሽጉት፣ ከሳምንት በኋላ እዩት። ነጭ የሆነው ሞቷልና በወረንጦ አውጡት፤ ሻጋታው ወደ ጎረቤቱ ይዛመታል።

ውኃ ከማፍሰሳችሁ ከአንድ ቀን በፊት የጫጩቶቹን ምግብ አርቴሚያን (በጨው ውኃ የሚኖር ጥቃቅን ሽሪምፕ መሰል ፍጥረት) አዘጋጁ፦ 1 ሊትር ውኃ፣ 25 ግራም ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የአርቴሚያ እንቁላል፣ ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ሙቀት፣ ያልተቋረጠ አየር። ከ24 እስከ 36 ሰዓት ውስጥ ይደርሳል።

አሁን ፒቱን ጠፍጣፋ ዕቃ ውስጥ አድርጉና ከ16 እስከ 18 ዲግሪ የሆነ፣ ክሎሪኑ የወጣለት ውኃ አፍስሱበት። ጥልቀቱ ከ5 ሳንቲሜትር አይብለጥ። ማጣሪያም የአየር ፓምፕም አታስገቡ። አብዛኞቹ በጥቂት ሰዓታት፣ የቀሩት እስከ ማግስቱ ይወጣሉ። ዓይናቸው የደረሰ ሆኖ እምቢ ካሉ ቁንጥር የደረቀ የዓሣ ምግብ ዱቄት ጣሉበት። ባክቴሪያው ሲራባ ኦክስጅኑን ይቀንሰዋል፤ ፅንሱን ከቅርፊቱ የሚያስወጣውም የኦክስጅን ማነስ ነው። የወጡትን ወዲያውኑ ተመሳሳይ ሙቀት ወዳለው ንጹሕ ውኃ አዛውሩ፣ አለበለዚያ ያው ያስወጣቸው ነገር ይገድላቸዋል። ከዚያ በቀን ልዩነት ቀስ እያላችሁ ወደ 24 ዲግሪ አድርሱት።

አንዳንዱ ጫጩት መንሳፈፍ አቅቶት ታች በሆዱ እየተንፏቀቀ ይቀራል። የመንሳፈፊያ ከረጢቱ አየር አልያዘም ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ፒቱ ቶሎ መርጠቡ ነው፤ ከልክ በላይ ቆይቶ ፅንሱ ሲደክም፣ ወይም ውኃው ጥልቅ ሆኖ ጫጩቱ ላይ ድረስ መውጣት ሲያቅተውም ይከሰታል። አይድንምና ለይታችሁ አውጡት። ከግማሽ በላይ እንዲህ ከሆኑ በሚቀጥለው ጊዜ ፒቱን ከማርጠባችሁ በፊት 2 ሳምንት ጨምሩ።

አርቴሚያውን ከቅርፊቱ ለይታችሁ፣ ጨውን አጥባችሁ በቀን ሁለቴ ስጡ። የበላ ጫጩት ሆዱ ብርቱካናማ ሆኖ ከውጭ ይታያል። ያልተበላው በጨው አልባ ውኃ ውስጥ ሞቶ ስለሚበሰብስ በየቀኑ ከታች በቀጭን ቱቦ ሳቡት። እንደ ወርቅ ብናኝ ያለ ነገር ቆዳቸውን የሚያለብስ በሽታ ኖቶብራንኪየስን ይወዳል፤ ለመከላከል በሊትር 1 ግራም ጨው ይበቃል።

ፒቱን እንዳትደፉት። በጨርቅ አጥልላችሁ፣ በጋዜጣ ተጭናችሁ ወደ ቀድሞ እርጥበቱ መልሱና እንደገና አሽጉት። ከ2 እስከ 4 ሳምንት በኋላ ዓይን ፈልጉ፣ ካገኛችሁ አርጥቡት። ተኝተው የነበሩት ያኔ ይወጣሉ፤ አንዳንድ ጊዜ ከመጀመሪያው ይልቅ የሁለተኛው ይበዛል።