አንድ ብርቱካን፣ አንድ ብር፣ አንድ የፓስታ ማጥለያ

ፒያሳ መነጽር ቤት ነው የምሠራው። ሰኔ 13 ቀን 2012፣ የፀሐይ ግርዶሹ ዋዜማ፣ ሱቃችን የበዓል ገበያ መሰለ። የሚገባው ሁሉ «ጥቁሩን ስጠኝ» ነው የሚለው። ለግርዶሽ አይሆንም ብል ማን ይስማኝ? አንዲት እናት ግን «ልጄ፣ ለመሆኑ ፀሐይዋን ምንድን ነው የሚጋርዳት?» አሉኝ። ጨረቃ ናት አልኳቸው። «ያቺ ትንሿ?» ሲሉኝ አፌ ተያዘ። ማታ ቤቴ በብርቱካን ሞከርኩት።

እናንተም ሞክሩት። ብርቱካኑን በዓይናችሁ ትክክል መደርደሪያ ላይ አስቀምጡና ሁለት እርምጃ ራቁ። አንድ ዓይን ጨፍኑ። የአንድ ብር ሳንቲም ወደ ክፍቱ ዓይን አስጠጉ። ብርቱካኑ ድራሹ ጠፋ አይደል? ብርቱካኑ ፀሐይ፣ ሳንቲሙ ጨረቃ ናቸው፤ ሙሉ ግርዶሽ ይሄ ነው። አሁን ክንዳችሁን ቀስ እያላችሁ ዘርጉ። በሳንቲሙ ዙሪያ ቀጭን ብርቱካናማ ክር ብቅ ይላል። እምቢ ካለ ግማሽ እርምጃ ወደ ብርቱካኑ ቅረቡ። ይሄ ቀለበታዊ ግርዶሽ ነው። ሳንቲሙን ወደ ጎን ስትገፉት ደግሞ የተገመጠ ብርቱካን ታያላችሁ፤ ከፊል ግርዶሽ።

ፀሐይ ከጨረቃ 400 እጥፍ ያህል ትሰፋለች፤ ርቀቷም 400 እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ ከዚህ ሆነን ስናያቸው እኩል ይመስላሉ። ጨረቃ ግን አንዴ ወደ 357 ሺህ ኪሎ ሜትር ትጠጋለች፣ አንዴ ወደ 406 ሺህ ትርቃለች። ስትርቅ መሸፈን ያቅታትና ቀለበት ይተርፋል። በዚያ እሑድ ላሊበላ ላይ የታየው እሱ ነው። ለእኛ የደረሰን የተገመጠው ነበር። ቅይጥ የሚባልም አለ፤ አንዱ ቦታ ሙሉ፣ ሌላው ቦታ ቀለበት። ጥቅምት 24 ቀን 2006 እንዲያ ነበር። ግርዶሽ በየወሩ የማይሆነው የጨረቃ መንገድ ከመሬት መንገድ 5 ዲግሪ ያህል ስላዘመመ ነው። ጥላዋ አብዛኛውን ጊዜ መሬትን ይስታል።

ለማየት እኔ የተጠቀምኩት የፓስታ ማጥለያ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ግቢ ወጣሁ፣ ጀርባዬን ለፀሐይ ሰጠሁ፣ ማጥለያውን ከነጩ ግድግዳ ፊት ያዝኩ። በየቀዳዳው አንዳንድ የተገመጠች ፀሐይ! አከራዬ «ጉድ ነው!» ብለው ጎረቤቱን ጠሩ። በማጥለያው ቀዳዳ ሽቅብ እንዳታዩ ብቻ። ቀና ብላችሁ ማየት ካሰኛችሁ አይኤስኦ 12312-2 የተባለውን ዓለም አቀፍ የደህንነት መስፈርት የሚያሟላ የግርዶሽ መነጽር ፈልጉ። የራጅ ፊልም፣ ሲዲ፣ የእኛ ሱቅ ጥቁር መነጽር፣ ሁሉም ዓይን ያስበላል።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ከቀትር በኋላ ደግሞ ሌላ አለ። ግብፅ ሉክሶር ላይ ከ6 ደቂቃ በላይ ይጨልማል፤ አዲስ አበባ ከፊሉን ታገኛለች። የሐምሌ ደመና ከፈቀደ ነው እንግዲህ።