ኮንስትራክተር ውስጥ የቫሪያብሉን ስም ፍለጋ

ጃቫስክሪፕት በሚባለው የድረ ገጽ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ «ቆጣሪ» የሚል ክላስ (ኦብጀክቶች የሚፈጠሩበት ንድፍ) ጽፌ ነበር። ኮንስትራክተሩ (አዲስ ኦብጀክት ሲፈጠር የሚሠራው ኮድ) በተኑን (ገጹ ላይ የሚነካውን ቁልፍ) በኤችቲኤምኤል ስትሪንግ (የገጹን ኮድ በያዘ ጽሑፍ) ስለሚሠራ፣ ኦንክሊክ (በተኑ ሲነካ የሚፈጸመው ትእዛዝ) ላይ የሚገባውን የቫሪያብል ስም፣ ማለትም ኦብጀክቱ የሚያዝበትን ስም፣ ማወቅ ነበረበት። በምትኩ «አንዲፋይንድ» (ዋጋ የለውም ማለት ነው) እየገባ በተኑ ሲነካ ታይፕ ኤረር የሚባል ስህተት ይሰጠኛል።

መጀመሪያ «ዲስ ነጥብ ኔም»ን ሞከርኩ («ዲስ» እዚህ የሚፈጠረው ኦብጀክት ራሱ ነው)፤ ባዶ ነው። «ዲስ ነጥብ ኮንስትራክተር ነጥብ ኔም» የክላሱን ስም መለሰልኝ። ከዚያ ዊንዶውን (የብራውዘሩን ግሎባል ኦብጀክት) በሉፕ እያገላበጥኩ ዲስን የያዘውን ስም ፈለግኩ፤ አሁንም የለም። ቀናት የበላኝ ይሄ ነው፦ ከእኩል ምልክቱ በስተቀኝ ያለው ቀድሞ ይሠራል፣ ስለዚህ ኮንስትራክተሩ እስኪጨርስ ድረስ ቫሪያብሉ ኦብጀክቱን ገና አልያዘም። ቫሪያብሉ «ሌት» ወይም «ኮንስት» በሚሉት የማወጃ ቃላት የታወጀ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ዊንዶው ውስጥ አይገባም። በዚያ ላይ አንዱን ኦብጀክት ሁለት ቫሪያብሎች ሊይዙት ይችላሉ፤ ታዲያ ስሙ የትኛው ሊባል ነው?

መፍትሔው ስሙን መፈለግ መተው ሆነ። በተኑን «ክሪኤት ኤለመንት» በሚባለው ትእዛዝ ፈጠርኩና እዚያው ኮንስትራክተሩ ውስጥ «አድ ኢቨንት ሊስነር» በሚባለው ትእዛዝ፣ ሲነካ የሚሠራ አሮው ፈንክሽን (በቀስት ምልክት የሚጻፍ ፈንክሽን) ሰጠሁት። አሮው ፈንክሽን የኮንስትራክተሩን ዲስ እንደያዘ ስለሚቆይ ሜተዱን (ክላሱ ውስጥ ያለውን ፈንክሽን) በቀጥታ ይጠራል፤ ተራ ፈንክሽን ብትጠቀሙ ግን ዲስ በተኑ ራሱ ይሆናል፣ ተጠንቀቁ። ስም የግድ ሲያስፈልገኝ፣ ለምሳሌ ስክሪን ላይ ለማሳየት፣ ለኮንስትራክተሩ እንደ ስትሪንግ አርጊውመንት (በጽሑፍ መልክ የሚሰጥ ግብዓት) አሳልፈዋለሁ። በስም መልሼ ማግኘት የምፈልጋቸውን ኦብጀክቶች ማፕ (ስምን ከኦብጀክት ጋር የሚያያይዝ መዝገብ) ውስጥ አስቀምጣቸዋለሁ።