ሁለት የመብራት ኩባንያ ስታወዳድሩ መጀመሪያ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ እዩ

ምናልባት ሁለት የሥራ ደብዳቤ በእጃችሁ ገብቷል። ሁለቱም ከኤሌክትሪክ ኩባንያ ነው፣ ደመወዙም ተቀራራቢ ነው። ወይም ደግሞ አለቃችሁ «ከእነ እገሌ ጋር ስንነጻጸር የት ነን?» ብሎ እስከ ሐሙስ አንድ ገጽ ጽሑፍ እንድታቀርቡ አዟችኋል። ጥያቄዎቹ የተለያዩ ይመስላሉ እንጂ መልሳቸው የሚጀምረው ከአንድ ቦታ ነው። ይሄ ኩባንያ ትርፉን የሚያገኘው ከምንድነው? ይህን ሳይጠይቁ ደመወዝን ከደመወዝ፣ ገቢን ከገቢ የሚያስተያዩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያወዳድሩት ሁለት የተለያየ ሥራ ነው፣ ሁለቱም ኤሌክትሪክ ስለተባሉ ብቻ።

የትኛው እጅ ላይ ናቸው?

ኤሌክትሪክ አራት እጅ ያልፋል። አንዱ ያመነጫል። አንዱ በከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ያስተላልፋል። አንዱ ወደየቤቱና ወደየፋብሪካው ያከፋፍላል። አንዱ ደግሞ ከጅምላ ገበያ ገዝቶ ለደንበኛ ይሸጣል፣ ቢል ይልካል፣ ስልክ ያነሳል። በአንዳንድ አገር አራቱንም የሚሠራው አንድ ድርጅት ነው። በሌላው ደግሞ ሕጉ ራሱ ለያይቷቸዋል፤ እንግሊዝ በ1990 የመንግሥቱን ድርጅት ከፋፍላ ወደ ግል አዛወረች፣ ቴክሳስ በ2002 አብዛኛው ደንበኛ ሻጩን እንዲመርጥ ገበያውን ከፈተች (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

መሃል ያሉት ሁለቱ፣ ማለትም ምሰሶና ሽቦ የያዙት፣ በየአካባቢያቸው ብቻቸውን ናቸው። በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ኩባንያ ጎን ለጎን ምሰሶ ቢተክል ወጪው ዞሮ ዞሮ ደንበኛው ላይ ስለሚወድቅ፣ መንግሥት ለአንዱ ብቻ ይሰጥና ታሪፉን ይቆጣጠራል። ስለዚህ በሁለት አከፋፋዮች መካከል የደንበኛ ሽሚያ መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ሽሚያው ያለው ማመንጨቱና መሸጡ ላይ ነው።

ስም ደግሞ አያታላችሁ። የጀርመኖቹ ኢኦንና አርደብሊውኢ ለዓመታት በሁሉም ነገር ተቀናቃኝ ነበሩ። በ2018 ግን ሥራውን ለመከፋፈል ተስማሙና ኢኦን መስመሩንና ደንበኛውን ያዘ፣ አርደብሊውኢ ማመንጨቱን። አሜሪካ ውስጥ ኤክሴሎን በ2022 ለሁለት ሲከፈል ሽቦው ኤክሴሎን ዘንድ ቀረ፣ የኒውክሌር ጣቢያዎቹ ኮንስተሌሽን ለተባለው አዲስ ኩባንያ ሄዱ። የአምስት ዓመት ሰንጠረዥ ስትሠሩ እንዲህ ያለውን ክፍፍል ካላያችሁ «ገቢው በግማሽ ወረደ» ብላችሁ ጽፋችሁ ትዋረዳላችሁ።

ይህን ለማወቅ ዓመታዊ ሪፖርቱን ክፈቱና የሊቀ መንበሩን መልእክትና የንፋስ ተርባይን ፎቶዎቹን ዝለሏቸው። ትርፉ በሥራ ዘርፍ ተከፋፍሎ የሚታይበት ማብራሪያ ከኋላ አለ። ትርፉ ሰማንያ በመቶ ከሽቦ ከሆነ፣ ማስታወቂያው ስለ አረንጓዴ ኃይል የፈለገውን ቢያወራ፣ ያ የሽቦ ኩባንያ ነው።

ትርፉ የሚገኘው እንዴት ነው?

አብዛኛው ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። ታሪፉ በተቆጣጣሪ የሚወሰንለት ኩባንያ ትርፉን የሚያገኘው ብዙ ኪሎዋት ሰዓት በመሸጥ ሳይሆን ብዙ በመገንባት ነው። በቀላሉ ላስረዳ። ኩባንያው ማከፋፈያ ጣቢያ ላይ 100 ሚሊዮን አፈሰሰ እንበል። ተቆጣጣሪው «በዚህ ላይ 8 በመቶ እንድታገኝ ፈቅጃለሁ» ካለ ያቺ 8 ሚሊዮን ታሪፉ ውስጥ ትገባለች። ለደመወዝ፣ ለነዳጅ፣ ዛፍ ለመቁረጥ የሚወጣው ገንዘብ ግን በወጣው ልክ ይመለሳል እንጂ ትርፍ አይጨመርበትም። አቨርችና ጆንሰን የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ይህ አሠራር ኩባንያውን ከሚያስፈልገው በላይ ወደ መገንባት ሊገፋው እንደሚችል ያሳዩት በ1962 ነው።

ይህ ለተቀጣሪ ምን ማለት ነው? ኢንጂነር ወይም የፕሮጀክት ሰው ከሆናችሁ የግንባታ በጀቱ ለዓመታት ወደፊት ታውቆ የተቀመጠ ነው፣ ሥራችሁ የትርፉ ምንጭ ነው። ጥገና ወይም ቢሮ ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ ወጪ ናችሁ። ታሪፉ በአንድ ውሳኔና በሚቀጥለው መካከል ተቆልፎ ስለሚቆይ፣ በመሃል ከናንተ የምትቀነሰው እያንዳንዷ ሳንቲም ቀጥታ ወደ ትርፍ ትገባለች። በአንድ ጣሪያ ሥር አንዱ ክፍል ሲቀጥር ሌላው ለምን ሰው እንደሚቀንስ አሁን ገባችሁ? ይህን ማዛባት ለማስተካከል የእንግሊዝ ተቆጣጣሪ ከ2013 ጀምሮ የግንባታውንና የሥራ ማስኬጃውን ወጪ አንድ ላይ ደምሮ ማየት ጀምሯል። ስለዚህ የምታወዳድሯቸው ኩባንያዎች በየትኛው ሕግ ሥር እንዳሉ ሳታጣሩ ወጪያቸውን ጎን ለጎን አታስቀምጡ።

ገበያ ላይ የሚሸጥ አመንጪ ሌላ ነው። ዋጋ ሲወጣ ቦነስ ይዘንባል፣ ሲወርድ ጣቢያው ይዘጋል።

ቸርቻሪው ደግሞ ከሁሉም ስስ ነው። የራሱ ምሰሶ የለውም፣ ጣቢያ የለውም፣ ያለው ሶፍትዌር፣ የደንበኛ ዝርዝርና ለነገ ዋጋ የገባው ቃል ነው። በ2021 የጋዝ ዋጋ ሲሰቀል የእንግሊዝ ቸርቻሪዎች በደርዘን ወደቁ። ከነሱ ትልቁ፣ «በልብ» (Bulb) የተባለው፣ 1.7 ሚሊዮን ያህል ደንበኛ ነበረው፤ ከጥቂት ወራት በፊት ፈጣን እድገቱ ይወራለት የነበረ ኩባንያ ነው። እዚህ ዘርፍ ውስጥ የደንበኛ ቁጥር በራሱ ጥንካሬ አይደለም። ሊሸጥ ቃል የገባውን ኃይል ምን ያህሉን አስቀድሞ ገዝቷል? ጥያቄው ይሄ ነው።

ገቢም እንደዚያው ያታልላል። ዩኒፐር የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ2022 ያስመዘገበው ገቢ ከ270 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ነበር። በዚያው ዓመት 19 ቢሊዮን ገደማ ከስሮ መንግሥት ወረሰው። ጋዝ ስለተወደደ ገቢው አበጠ፣ ሩሲያ ማቅረብ ስላቆመች ያንኑ ጋዝ በውድ እየገዛ በድሮ ውል በርካሽ ሸጠ። በገቢ ደረጃ ብታወጡት አንደኛ ከሚሆኑት ጋር ታሰልፉት ነበር።

ተፎካካሪ አድርጋችሁ ስታዩዋቸው

አከፋፋዮች የደንበኛ ሽሚያ የለባቸውም ብያለሁ፤ ይህ ማለት ግን አይፎካከሩም ማለት አይደለም። በሦስት ነገር ይሻማሉ፦ በባለሀብት ገንዘብ፣ በሠራተኛ፣ በተቆጣጣሪው ፊት ባላቸው ስም። ብዙ ተቆጣጣሪዎች ኩባንያዎቹን አንድ ሰንጠረዥ ላይ ደርድረው «ጎረቤትህ በዚህ ወጪ ከሠራ አንተ ለምን አቃተህ?» ይላሉ። ለዚህ ነው የኃይል መቆራረጥ መለኪያዎቹን ማወቅ ያለባችሁ። ሳይዲ አንድ ደንበኛ በአማካይ በዓመት ስንት ደቂቃ መብራት እንደጠፋበት ይነግራል፣ ሳይፊ ስንት ጊዜ እንደጠፋበት።

ግን ጠንቀቅ። አንዱ ኩባንያ ከባድ አውሎ ነፋስ የነበረባቸውን ቀናት አውጥቶ ያሰላል፣ ሌላው ጨምሮ። አንዱ ከተማ ውስጥ ገመዱን መሬት ውስጥ ቀብሯል፣ ሌላው በጫካ መሃል ምሰሶ ለምሰሶ ይሄዳል። ስለዚህ የአንድ ዓመት ቁጥር ብቻ ይዛችሁ አትፍረዱ። የአምስት ዓመት አዝማሚያውን እዩ፣ በአንድ ኪሎ ሜትር መስመር ላይ ስንት ደንበኛ እንዳለም ከጎኑ ጻፉ። አስር ደንበኛ ባለበት ኪሎ ሜትርና መቶ ባለበት መካከል ያለው የወጪ ልዩነት ከአስተዳደር ብቃት ጋር ምንም ላይገናኝ ይችላል።

ሰንጠረዡ ላይ የማይወጣ ተፎካካሪም አለ። የደንበኛው ጣሪያ። የፀሐይ ፓነልና ባትሪ ያስገባ ቤት ወይም ፋብሪካ የሚገዛው ኃይል ይቀንሳል፣ መስመሩን የማቆየቱ ወጪ ግን አይቀንስም፣ በቀሩት ደንበኞች ይከፈላል። ለአለቃችሁ በምትጽፉት ገጽ ላይ ይህን አንድ አንቀጽ ብትጨምሩ ከጎረቤት ኩባንያ ጋር ካደረጋችሁት ማነጻጸር የበለጠ ሊጠቅም ይችላል።

ቀጣሪ አድርጋችሁ ስታዩዋቸው

ደመወዙን ሳይሆን የሚከፈለውን ጠቅላላ ገንዘብና የሚወስደውን ሰዓት ጠይቁ። በዚህ ዘርፍ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ትልቅ ነገር ነው፤ በአውሎ ነፋስ ወቅት ምሰሶ ላይ የሚያድር የመስመር ሠራተኛ ቢሮ ከሚቀመጠው ኢንጂነር በላይ ይዞ ሊገባ ይችላል። ያ ገንዘብ ግን በእንቅልፍ የተገዛ ነው። «ተረኛ የምሆነው ከስንት ሳምንት አንዴ ነው? ተጠርቼ ባልወጣም ይከፈለኛል? ሌሊት ሠርቼ ጠዋት እገባለሁ?» በሉ። ከአራት ሳምንት አንዴና ከስምንት ሳምንት አንዴ፣ ልጅ ላለው ሰው፣ ሁለት የተለያየ ኑሮ ነው።

ቀጥሎ ደህንነት። ኩባንያዎች የጉዳት መጠናቸውን የሚያሰሉበት የታወቀ ቀመር አለ፦ የተመዘገበውን ጉዳት በ200,000 አብዙና በተሠራው ሰዓት አካፍሉ። 200,000 ማለት መቶ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት ለ50 ሳምንት የሚሠራው ነው። 1.6 ሚሊዮን ሰዓት ተሠርቶ 12 ሰው ከተጎዳ ውጤቱ 1.5 ነው፤ በሌላ አነጋገር ከመቶ ሠራተኛ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ሰው። ሁለቱን ኩባንያ በዚህ ማወዳደር ይቻላል፣ አንድ ነገር ካጣራችሁ በኋላ፦ የኮንትራክተር ሠራተኛ ተቆጥሯል? አደገኛውን ሥራ በሙሉ ለኮንትራክተር ሰጥቶ ንጹህ ቁጥር ይዞ የሚቀርብ አለ። የሞት አደጋን ደግሞ ለብቻው ፈልጉ፣ ምክንያቱም ጣቱን የተቆረጠና በኤሌክትሪክ የሞተ ሰው በዚያ ቀመር ውስጥ እኩል አንድ አንድ ናቸው።

ስለ ጡረታ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ፖርትላንድ ጄነራል ኤሌክትሪክ ኦሪገን ውስጥ ያለ የድሮ የመብራት ኩባንያ ነው። በ1997 ኤንሮን የተባለው የአሜሪካ የኃይል ንግድ ኩባንያ ገዛው። ብዙ ሠራተኞች፣ የመስመር ሠራተኞችም ጭምር፣ የጡረታ ቁጠባቸው በኤንሮን አክሲዮን ተሞላ። በታኅሣሥ 2001 ኤንሮን ሲከስር ያ ገንዘብ ተነነ። የሚገርመው፣ የመብራት ኩባንያው ራሱ አልፈረሰም፣ ዛሬም አለ። ፒጂ ኤንድ ኢ የተባለው የካሊፎርኒያው የመብራት ኩባንያም በ2019 ከሰደድ እሳቱ ካሳ የተነሳ የኪሳራ ጥበቃ ሲጠይቅ ሠራተኞቹ መስመር መጠገናቸውን አላቆሙም። ሽቦውን የሚተካው የለም፣ ባለቤቱን ግን የሚተካው ሞልቷል። ስለዚህ በዚህ ዘርፍ ሥራችሁ አስተማማኝ ሊሆን ይችላል፣ የቀጣሪያችሁ አክሲዮን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ደመወዛችሁንም ጡረታችሁንም አንድ ቦታ አታስቀምጡ።

የመንግሥት ድርጅት ከሆነ ሒሳቡ ይለያል። ፈረንሳይ ኢዲኤፍ የተባለውን ትልቁን የመብራት ኩባንያዋን በ2023 ሙሉ በሙሉ መልሳ ወስዳዋለች፣ እንዲህ ያለ ቀጣሪ በቀላሉ አይወድቅም። ግን ታሪፉ ወጪውን ይሸፍናል ወይ? ካልሸፈነ እዳው ይከመራል፣ መጀመሪያ የሚዘገየውም መለዋወጫና አዲስ ቅጥር ነው።

ሰውስ? ኢንተርኔት ላይ የሚለጠፉ የሠራተኛ አስተያየቶች ይጠቅማሉ፣ ግን የተናደደ ሰው ነው ብዙ የሚጽፈው፣ የሰው ኃይል ክፍሉም ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከዚያ ይልቅ የሥራ ማስታወቂያዎቹን ለሁለት ሦስት ወር ተከታተሉ። ያው የሥራ መደብ በየስድስት ሳምንቱ እየተመለሰ ከወጣ፣ ወንበሩ ላይ የሚቆይ ሰው የለም።

ቃለ መጠይቅ ላይ ደግሞ እኔ ሁልጊዜ የምጠይቃት አንድ ጥያቄ አለች፦ «ለመጨረሻ ጊዜ አንድ ሠራተኛ መስመሩ መሞቱን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ እንደሌለበት፣ አላረጋገጥኩም ብሎ ሥራ ያቆመው መቼ ነው? ከዚያስ ምን ሆነ?» አንዳንዱ ኃላፊ ወዲያው ታሪኩን ይነግራችኋል፣ ደንበኛው ስንት ሰዓት እንደጠበቀ፣ ሠራተኛው ትክክል እንደነበረ ወይም እንዳልነበረ፣ ለማንኛውም እንዳልተቀጣ። አንዳንዱ ደግሞ «እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞን አያውቅም» ይላል። ሁለተኛው ጋ ሌላውን ወረቀት ማገላበጥ ትቻለሁ።