የሥዕል ጥያቄን በአንድ ባሕርይ መጀመር

ከቱሉ ዲምቱ ወደ መሀል ከተማ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ለቅጥር ፈተና የሚያጠኑ ወጣቶች የሥዕል ጥያቄ ላይ ሲደርሱ በመላው ሥዕል ላይ አፍጥጠው ሲቀሩ ስለማይ፣ ለእኔ የሠራልኝን መንገድ ላካፍል። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጆን ሬቨን እ.ኤ.አ. በ1938 ያሳተመው ፈተና ባስለመደን ዓይነት፣ ዘጠኝ ሳጥኖች በሦስት ረድፍ ተደርድረው የመጨረሻው ባዶ ሆኖ ለእሱ የሚስማማው ሥዕል ከተሰጡት አማራጮች የሚመረጥ ሲሆን፣ ዓይን ሁሉንም በአንዴ ለመያዝ ሲሞክር ይደናገራል። ስለዚህ አንድ ባሕርይ ብቻ ይምረጡ፤ ለምሳሌ የጥቁር ነጥቦቹን ብዛት በመጀመሪያው ረድፍ ይከተሉ፣ ሕጉ በሁለተኛውም መሥራቱን ያረጋግጡ፣ ከዚያም ሕጉን የሚጥሱትን አማራጮች ወዲያውኑ ይሰርዙ። ቀጥሎ በቀሩት ላይ ብቻ ቅርጽን፣ ጥላን ወይም አቅጣጫን ይፈትሹ።

በረድፍ ምንም ካልታየ በዓምድ ይሞክሩ፤ ያም ካልሆነ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳጥኖች በሐሳብ ደርበው፣ የጋራ መስመሮች በሦስተኛው ጠፍተው እንደሆነ ይመልከቱ።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ግን (እኔንም ደጋግሞ አሳስቶኛል) የዞረ ቅርጽን ከመስታወት ምስል መለየት ነው። በቅርጹ ዙሪያ ያሉ ሦስት የተለያዩ ምልክቶችን በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ያንብቡ፤ ክብ፣ መስመር፣ ነጥብ የነበረው በአማራጩም በዚያው ቅደም ተከተል ከመጣ ቅርጹ ዞሯል፣ ክብ፣ ነጥብ፣ መስመር ከሆነ ግን የመስታወት ምስል ነው። ፈተናው በኮምፒውተር ሲሆን ወረቀት ማዞር ስለማይቻል ይህ ንባብ በተለይ ይጠቅማል።